ክረምት ላይ ወደ ማንኪራ፦ የማታውቁትን ተራራማ ደን በእግር ለመሄድ እንዴት ታቅዳላችሁ?

የተማሪና የመምህር ረጅሙ እረፍት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ውጭ አገር ያለው ዘመድም ልጆቹን ይዞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ «ዝናቡ ሲያልፍ ሂዱ» የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም ለብዙ ሰው አይሆንም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ወደ ካፋ ተራሮች፣ በተለይም በዴቻ ወረዳ ወዳለው የማንኪራ የቡና ደን፣ በዝናቡ ወራት በእግር ለመሄድ ላሰባችሁና አገሩን ጭራሽ ለማታውቁት ነው።

ሰሜን ተራሮችን ወይም ባሌን የወጣ ሰው ካፋን ሊንቅ ይችላል። ቦንጋ ከተማ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን የመንገድን ክብደት አይነግርም። ሰሜን ላይ ገደሉም ሸንተረሩም ከሩቅ ይታያል፤ መንገዱ በቅሎና ስካውት የለመዱት ነው፤ የድንኳን ማደሪያዎቹም የታወቁ ናቸው። ማንኪራ ግን ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ከፊታችሁ ሃያ እርምጃ ርቆ ያለው ላይታያችሁ ይችላል። ቀዩ አፈር ዝናብ ሲጠጣ እግር አያስቆምም። ጠዋት ዘላችሁ ያለፋችሁት ጅረት ከሰዓት በኋላ ላያሳልፋችሁ ይችላል። እዚህ አገር እቅድ የሚወጣው በመጀመሪያ ውሃውን አስቦ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ የደኑን ሰው አስቦ።

ቀኑን መቁረጥ

የካፋ ዝናብ እንደ ሰሜኑ ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ የሚወጣ አይደለም። የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴም እስከ ኅዳር ይዘልቃል። በዓመት የሚወርደው በብዙ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ለማነጻጸር ያህል አዲስ አበባ 1,200 አካባቢ ታገኛለች። ደረቅ የሚባሉት ታኅሣሥና ጥርም ቢሆኑ ካፊያ አያጣቸውም። የቡናውም ዓመት የሚቆጠረው በዚሁ ዝናብ ነው። የበልጉ የመጀመሪያ ካፊያ ሲጥል አበባው ይፈካል፤ ፍሬው ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፤ ከመስከረም ጀምሮ ይቀላል። ሐምሌ ላይ የሚሄድ ሰው ቀይ ፍሬ እንደማያገኝ አውቆ ይሂድ።

ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት መካከል ለመምረጥ ብዙ አትጨነቁ፤ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። የሚያዋጣው የቀን ብዛት ነው። ለአንድ የእግር ጉዞ ቀን አንድ የመጠባበቂያ ቀን መድቡ። ሁለት ቀን በደን ውስጥ ለመሄድ ካሰባችሁ ቦንጋ ላይ አራት ቀን ይኑራችሁ፤ ከአዲስ አበባ የመሄጃውና የመመለሻው ቀን ከዚህ ውጭ ነው። ቀን የተረፈው ሰው ሲዘንብ ቡናውን እየጠጣ ይጠብቃል። የአውሮፕላን ትኬቱ ነገ የሆነ ሰው ግን መሻገር የሌለበትን ወንዝ ይሻገራል። ክረምት ላይ አደጋ በዚህ መንገድ ሊመጣ ስለሚችል፣ የቀን መጠባበቂያ ማግኘት ካልቻላችሁ ጉዞውን ለሌላ ዓመት ብታቆዩት እመርጣለሁ።

ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ፈቃድ መውሰድ የሚችል ካለ ደግሞ ያንን ይምረጥ። ዝናቡ ይቀንሳል፤ ለቀማው ስለሚደርስ ደኑ ሰው በሰው ይሆናል፤ ዱካውም በለቃሚዎች እግር ይከፈታል።

ቤት ሆናችሁ የምትሠሩት

መጀመሪያ ካርታ ፈልጉ። በቀድሞው አጠራር የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያሳተማቸው በ1፡50,000 መጠን የተሠሩ ካርታዎች አሉ፤ ሥራው ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። በዚህ መጠን ካርታው ላይ ያለ 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍታ የሚያሳዩትን መስመሮች ተመልከቱ፤ ሲጠጋጉ ዳገት፣ ሲራራቁ ሜዳ ነው። ከዚያ በሰማያዊ የተሰመሩትን ወንዞች አንድ በአንድ ቁጠሩ። መንገዳችሁ ስንት ጊዜ ውሃ ያቋርጣል? ከእያንዳንዱ በላይ ያለው ተፋሰስ ምን ያህል ሰፊ ነው? ተፋሰሱ በሰፋ ቁጥር ወንዙ ከሞላ በኋላ ለመጉደል ይዘገያል። በስልካችሁ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታም ጫኑ፤ ግን በደን ጥላ ሥር ጂፒኤስ ሊዛባ፣ ባትሪም በብርድ ቶሎ ሊያልቅ ስለሚችል የወረቀቱን አትተዉ። የወረቀቱን ካርታ በላስቲክ ከረጢት ክተቱት።

ቀጥሎ ሰዓት አስሉ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ 1 ሰዓት። ስሌቱ ግን የተሠራው ለደረቅ መንገድና ለብርቱ እግር ነው። ለካፋ ክረምት የሚወጣውን ውጤት በአንድ ተኩል አባዙት። ለምሳሌ ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ በጠቅላላ 600 ሜትር ቢሆን በናይስሚዝ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይወጣዋል፤ በጭቃ ግን 5 ሰዓት በሉት። በዚህ ላይ የእረፍትና ቆሞ የማየት ሰዓት ጨምሩ። ሌላም አለ፤ በመንገድ ላይ ያለ ቤተሰብ ቡና ሊያቀርብላችሁ ይችላል፤ ቡና በበቀለበት አገር አቦል ቀምሶ ቶናና በረካ ሳይጠብቁ መነሣት ደግሞ ነውር ነው። ለዚህ አንድ ሰዓት ያዙ፤ ባይጠሯችሁ ይተርፋችኋል።

ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡና ለሁሉም የቡድኑ አባል ተናገሩ። ከላይ ላለው ምሳሌ እኔ ከረፋዱ 5 ሰዓትን እቆርጣለሁ። 5 ሰዓት ሲሆን የትም ሁኑ፣ የፈለጋችሁት ዛፍ መቶ እርምጃ ቢቀረውም፣ ፊታችሁን አዙሩ። መመለሱ የመሄዱን ያህል ቢወስድባችሁ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መውጫው ላይ ናችሁ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ገደማ ብርሃን አለ። ያ ብርሃን ቁርጭምጭሚቱ ለተጠመዘዘ ጓደኛችሁ የተቀመጠ ነው።

ከጅማ እስከ ቦንጋ

ከአዲስ አበባ ቦንጋ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡስ የሚነሣው ሳይነጋ ነው። ክረምት ላይ ግን ጅማ አድራችሁ በማግስቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠውን ቀሪ መንገድ በቀን ብርሃን እንድትሄዱ እመክራለሁ። አቅሙ ያለው እስከ ጅማ በአውሮፕላን መሄድ ይችላል።

በመንገዱ መሐል ጎጀብን ትሻገራላችሁ። በመስኮት በደንብ ተመልከቱት። ጎጀብ የጥንቱ የካፋ መንግሥት ሰሜናዊ ድንበር ነበር። ነገሥታቱ ወንዙን፣ ደኑንና በእጅ የተቆፈረውን ጥልቅ ምሽግ አጥር አድርገው ለብዙ ዘመን አገራቸውን ጠብቀዋል። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በአፄ ምኒልክ የጦር አለቃ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የተማረኩት በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሳቸውን ለመያዝ ወራት የፈጀው ይህን መልክዓ ምድር ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ነው። ጦርን ያስቸገረ ውሃና ጫካ ለእግረኛም አይቀልም። የወንዙን ቀለምና ሙላት በዓይናችሁ መዝግቡ፤ ጎጀብ ጠቁሮና ግንድ ይዞ የሚወርድ ከሆነ በላይኛው አገር ሌሊቱን ብዙ ዘንቧል ማለት ነው።

የጎጀብ ሸለቆ ቆላማ ስለሆነ ወባ አለበት። ቦንጋም ሆነች አብዛኛው የቡና ደን ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆኑ ከወባ ነጻ አይደሉም። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖር ሰው ሰውነቱ ወባን አልለመደም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ስለ መከላከያ ክኒን አማክሩ፤ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከተሰማችሁ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ቦንጋ ላይ አንድ ሙሉ ቀን

ይህን ቀን ከጉዞውና ከመጠባበቂያው ቀን ለይታችሁ ያዙት፤ መዝለል አይገባም። ቦንጋ የካፋ ዞን ከተማ ናት፤ ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋምም ከክልሉ ከተሞች አንዷ ሆናለች፤ መሥሪያ ቤቶቹ እዚሁ ናቸው። ከመሥሪያ ቤታችሁ፣ ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከማኅበራችሁ የድጋፍ ደብዳቤና መታወቂያ ይዛችሁ ወደ ዞኑ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሂዱ። ከዚያ ለወረዳው፣ ከወረዳው ለቀበሌው የሚጻፍ ደብዳቤ አለ። ይህ ለብዙዎች አሰልቺ ወረቀት ይመስላቸዋል። ለእኔ ግን የጉዞው ዋና የደኅንነት መሣሪያ ነው፤ ማን፣ ስንት ሆኖ፣ በየት በኩል እንደገባና መቼ መውጣት እንደነበረበት የሚያውቅ ሰው የሚኖረው በዚህ መንገድ ብቻ ነውና። የጸጥታውን ሁኔታም የምትጠይቁት እዚሁ ነው። ከሳምንት በፊት በስልክ የሰማችሁት አይበቃም፤ በዕለቱ ጠይቁ።

በቀረው ሰዓት ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙን አይታችሁ፣ ገበያ ወርዳችሁ ኮረሪማና የደን ማር አሽትቱ። በነገው መንገድ ላይ የሚያጋጥማችሁን ቅጠልና ፍሬ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ።

አስጎብኚ ስትይዙ ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ከቦንጋ፣ አንዱ ከማንኪራ ቀበሌ። የቦንጋው ቋንቋውን ያስተረጉማል፤ በየመንደሩ የሚነገረው ካፊ ኖኖ ስለሆነ አማርኛ ሁልጊዜ አያዘልቅም። የቀበሌው ሰው ደግሞ ትናንት የትኛው ድልድይ እንደተወሰደ ያውቃል። ክፍያውን በቀን፣ በብር፣ ምግባቸውን ጨምሮ ቀድማችሁ ተስማሙ። በደኑ ዳር ከሚኖሩት መካከል የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት አሉ፤ ለረጅም ዘመን ከጎረቤቶቻቸው ተገልለው የኖሩ፣ ደኑን ግን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሥራ ስታካፍሉ እነሱንም አስገቡ፤ ምሳም አብራችሁ ብሉ።

ደኑ ባለቤት አለው

ከከተማ የሚመጣ ሰው ጫካ ሲያይ የማንም ያልሆነ ይመስለዋል። ካፋ ውስጥ እንዲህ ብሎ መግባት ትልቅ ስሕተት ነው። ኮቦ በሚባለው ነባር ሥርዓት እያንዳንዱ የደን ክፍል ቡናውን የሚለቅምበት፣ ቀፎውን የሚሰቅልበት የታወቀ ባለቤት አለው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በቦንጋ ደን ያስጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደርም ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ደኑን እንዲጠብቁና እንዲጠቀሙ አድርጓል። በላዩ ላይ ደግሞ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢውን ከያዩ ደን ጋር በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ በውስጡ ምንም እንዳይነካ የተከለሉ እምብርት ቦታዎች አሉ። ጉዶ የሚባሉ፣ የሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸምባቸው ቅዱስ ደኖችም አሉ። ስለዚህ ከመንገድ ለመውጣት፣ ድንኳን ለመትከልና እሳት ለማንደድ ሁልጊዜ ጠይቁ። አንዲት የቡና ፍሬም ሳታስፈቅዱ አትቁረጡ።

ማንኪራ የመጀመሪያው ቡና የበቀለባት ናት ብለው ነዋሪዎቿ ያምናሉ፤ «የቡና እናት» እያሉ የሚያሳዩት ያረጀ ዛፍም አላቸው። ቡና አረቢካ መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ሳይንሱም ያረጋግጣል። ግንዱን አትደገፉ፤ ቅርፊቱን አትፋቁ፤ ሥሩ ላይ ተሰብስባችሁ አፈሩን አትርገጡ። በዓለም ዙሪያ በየእርሻው ያለው አረቢካ ቡና ዘሩ ጠባብ ስለሆነ በሽታና ሙቀት በቀላሉ ያጠቁታል፤ በእነዚህ ደኖች ያለው የዘር ብዛት ወደፊት ቡና እንዲኖር የሚያደርግ ሀብት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ይህን እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው።

ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ረጃጅም ቀፎዎች ስታዩ ከሥራቸው አትቁሙ፤ ሽቶም ተቀብታችሁ አትግቡ።

የምትይዙት

እግራችሁ ላይ የላስቲክ ቦት ጫማ ይሁን። ውድ የተራራ ጫማ ያላችሁ በቦርሳ ያዙት፤ ጭቃው ውስጥ ግን ገበሬው የሚጫማው ቦት ይበልጣል፤ ቦንጋ ገበያ ውስጥም ታገኙታላችሁ። ባዶ እግር ወይም ክፍት ጫማ በፍጹም። ሳማ አለ፤ እሾህ አለ፤ ገብረ ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ሱሪውን በካልሲ ውስጥ ያልከተተ ሰው ይጮኻል። በእጃችሁ በትር ያዙ፤ ለዳገቱም ለወንዙም ያገለግላል።

ልብስ ላይ አንድ ሕግ ያዙ፦ ጥጥ አይሁን። ጂንስና የጥጥ ሹራብ ከራሱ በኋላ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ቀላል የፖሊስተር ልብስ፣ በላዩ የሱፍ ወይም የፍሊስ ሹራብ፣ ከላይ የዝናብ ልብስ በቂ ነው። ሙሉ ቅያሪ ልብስ በሁለት ፌስታል አስራችሁ ማደሪያችሁ እስክትደርሱ አትንኩት። የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ፊሽካ፣ ወፍራም ላስቲክና ገመድ ያዙ። ለምግብ እንደ አገራችን መንገደኛ ስንቅ የሚሆን የለም፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና ትንሽ ማር አይበላሽም፤ እሳትም አይፈልግም። የምንጭ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም አልቅትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ አፍልታችሁ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ ጨምራችሁ ብቻ ጠጡ።

በመንገዱ ላይ

ወንዝ ስትደርሱ አቁሙ። አስጎብኚው እንኳ ቢቸኩል አቁሙ። ዳር ላይ ትንሽ እንጨት ትከሉና አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ ውሃው ወደ እንጨቱ እየወጣ ከሆነ ተመለሱ። ግንድና ቅርንጫፍ የሚያወርድ፣ ወይም ድንጋይ ሲያንከባልል የሚሰማ ወንዝ አይነካም። ፈጣን ውሃ ከጉልበት ካለፈ ጎልማሳን ይጥላል፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያ በታችም ያሰጋል። የምትሻገሩ ከሆነ የቦርሳውን ማሰሪያ ፍቱ፤ ፊታችሁን ወደ ላይኛው ወራጅ አዙሩና በበትር እየተደገፋችሁ፣ ተያይዛችሁ፣ በጎን እርምጃ እለፉ። የሞላ ትንሽ ጅረት ዝናቡ ካቆመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጎድላል፤ በሶ በጥብጣችሁ ጠብቁት።

ሁለተኛው የሚያሰጋው ብርድ ነው። ወይና ደጋ አገር ውስጥ ብርድ ይገድላል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ነገር ግን የራሰ፣ የደከመና ያልበላ ሰው በ12 እና በ15 ዲግሪም ሙቀቱን ያጣል። ጓደኛችሁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ንግግሩ ከተጎተተ፣ እጁ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው፣ ያለ ምክንያት ከተደናቀፈ ጉዞው ቆሟል። ላስቲኩን ወጥሩ፤ የራሰውን አውልቃችሁ ደረቁን አልብሱት፤ ጣፋጭ ነገር አብሉት፤ ከመሬት አንሥታችሁ ቅጠል ላይ አስቀምጡትና ተጠጉት። አረቄ አትስጡት፤ ሙቀት የሰጠ መስሎ የቀረውንም ያወጣዋል።

ሰው ከተጎዳ አምቡላንስ ደን ውስጥ አይገባም። የሚደርሰው የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ነው፤ አስጎብኚያችሁ ሮጦ ሰው የሚጠራበት አቅራቢያ መንደር የትኛው እንደሆነ ጠዋት ላይ ጠይቁት። ቦንጋ ላይ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ፤ ከበድ ላለ ነገር ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ነው።

የዱር እንስሳ ከሁሉ ያነሰ ስጋት ነው። ጉሬዛ ከላይ ስትዘል ማየታችሁ አይቀርም። አንበሳም በዚህ ባዮስፌር ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. ፎቶ ተነሥቷል፤ በቡድን፣ በቀን፣ በድምፅ ለሚሄድ ግን የሚያስፈራ አይደለም።

ወደ አዲዮ ለመውጣት ካሰባችሁ

በአዲዮ ወረዳ ያለው የቀርከሃ ደን ከማንኪራ በጣም ይለያል፤ ከፍታው እስከ 3,000 ሜትር ይደርሳል። ለእያንዳንዱ 100 ሜትር መውጣት ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ ሙቀት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከቦንጋ በ8 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ አስቡ። ክረምት ላይ ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ ላይነሣ ይችላል። በመጀመሪያ ጉዟችሁ ማንኪራን ብቻ አድርጉ፤ እግራችሁና ልብሳችሁ ክረምቱን ሲችሉ ካያችሁ ብቻ፣ የተረፈ የመጠባበቂያ ቀን ካለ፣ አዲዮን ጨምሩ።

ስትወጡ

መጀመሪያ ለቀበሌው ሊቀመንበር ደውላችሁ ወይም ደጃቸው ሄዳችሁ ሁሉም በሰላም መውጣቱን ንገሩ፤ ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው፤ መንደሩም በከንቱ ፍለጋ ይወጣል። ሒሳባችሁን ለአስጎብኚዎቹ በእጃቸው ክፈሉ። ቡናና ማር ከፈለጋችሁ በመንገድ ካስተናገዳችሁ ቤተሰብ ወይም ከገበሬዎቹ ማኅበር ግዙ፤ ደኑ ቆሞ የሚቀረው ከቆመ ደን ገንዘብ ሲገኝ ነው። ቦት ጫማችሁን አጥባችሁ ጭቃውን ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው አራግፉት፤ የአንዱን አገር የዛፍ በሽታ ወደ ሌላው የሚያሻግረው እንዲህ ያለ አፈር ነው። ማታ ቦንጋ ላይ የትኛውን ወንዝ በስንት ሰዓት እንደተሻገራችሁ፣ የት እንደዘገያችሁ፣ ዝናቡ መቼ እንደጀመረ ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ለአስጎብኚያችሁ ስጡት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ እንግዳ ይዞ ይገባልና።